ከቅጹ ግርጌ የሚሞላው ትምህርት

ኦስሎም ሆነ ሲያትል፣ ቡና ቆልቶ በሚሸጥ መደብር ገብቶ የኢትዮጵያ ቡና ከረጢት የሚያገላብጥ ሰው፣ ከጉጂ ወይም ከጌዴኦ ስም ሥር አንድ ቁጥር ሊያጋጥመው ይችላል፦ 74110። አንዳንዱ ከረጢት 74112፣ ሌላው 74158 ይላል። ገዢው የመጋዘን ምልክት መስሎት ያልፈው ይሆናል። ቁጥሩ ግን የዝርያ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ይናገራሉ። የቀሩት ደግሞ በዚያ ዓመት ተመርጠው ከተመዘገቡት እናት ዛፎች መካከል የትኛዋ እንደሆነች ይለያሉ።

እነዚያ ዛፎች የተመረጡት በጣዕማቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ መግባቱ ታወቀ። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ ጥቁር ጠባሳ ያወጣበታል፤ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ዋና ዋናዎቹን ቡና አብቃይ አካባቢዎች አዳረሰ። በየጓሮው ጥቂት እግር ቡና ላለው ገበሬ ኬሚካል መርጨት የማይታሰብ ነበር። በጅማ አቅራቢያ ያለው የመልኮ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ከውጭ ከመጡ አጋሮቻቸው ጋር ሆነው፣ ሌላ መንገድ ያዙ፤ በታመመ ቡና መሐል ጤናማ ፍሬ ተሸክማ የቆመች ዛፍ ፍለጋ ጫካ ገቡ። መቱ አካባቢ ካገኟቸው ዛፎች ዘር ወስደው ችግኝ አፈሉ። ችግኞቹን ሆን ብለው በፈንገሱ እየበከሉ፣ የሚሞተውን ጥለው የሚተርፈውን ያዙ። አሥር ዓመት ሳይሞላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ገበሬው እጅ ገቡ። ዛሬ የውጭ ቡና ነጋዴ የሚሻማበት 74110 የዚያ ጥድፊያ ልጅ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እውቀት፣ ማለትም የዕፅዋት በሽታ፣ ዘረ መል፣ የሙከራ ማሳ አዘረጋግና ስታቲስቲክስ፣ የሚገኘው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ምርጫውን ሲሞላ ወደ ታች ከሚገፋው ትምህርት ውስጥ ነው። ሕክምና ከላይ ይቀመጣል፤ ምህንድስናና ኮምፒውተር ይከተላሉ፤ ግብርና ግርጌው ላይ ይቀራል። በየዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅ ከሚማሩት ብዙዎቹ ትምህርቱ የደረሳቸው እንጂ የመረጡት አይደሉም። ልጄ ከሞፈርና ከቀንበር ይላቀቅልኝ ብሎ ጥሪቱን አሟጦ ያስተማረ አባትም፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እርሻ እየተማረ ነው ሲባል ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

መንግሥትም ከአባትየው ብዙ አልተሻለም። የኢኮኖሚው መሠረት ግብርና ነው የሚለው ዐረፍተ ነገር ከማንኛውም የልማት ሰነድ ጠፍቶ አያውቅም። በ2001 ዓ.ም. ግድም ግን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለመመደብ ዕቅድ ሲወጣ፣ ለምህንድስናና ቴክኖሎጂ ብቻ 40 በመቶ ድርሻ ተያዘ። ግብርናና የሕይወት ሳይንስ ተደምረው የደረሳቸው 5 በመቶ ነበር። ከሠራተኛው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ለሚተዳደርበት ዘርፍ ከመቶ ተማሪ አምስቱ ማለት ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። አገሪቱ ዘመናዊ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን አንድ ሁለት ብላ በምትቆጥርበት ጊዜ፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። በግንቦት 1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካው ኦክላሆማ የእርሻና ሜካኒክ ኮሌጅ ጋር ስምምነት ተፈራረመ። የአለማያው ግቢ እስኪሠራ ድረስ ትምህርቱ የተጀመረው ጅማ ላይ ነው። በ1949 ዓ.ም. ተማሪዎቹ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ወዳለው ሜዳ ተዛወሩ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን መርቀው ከፈቱ። ኦክላሆማዎች ይዘውት የመጡት አሠራር ሦስት ሥራዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረገ ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማድረስ። አንድ መምህር ጠዋት ክፍል ገብቶ ስለ ዋግ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ በራሱ የሙከራ ማሳ ላይ ዋግ የያዘውን ስንዴ ይመዘግባል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ገበሬ ዘንድ ይሄዳል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

አሠራሩ እንደታሰበው አልዘለቀም። ገበሬውን የማስተማሩ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ሲቋቋም፣ የምርምሩ ዋና ሸክም አብሮ ወጣ። ኮሌጁ ምርምሩን ፈጽሞ ባይተውም፣ ሦስቱ ሥራዎች በሦስት የተለያዩ አለቆች ሥር ወደቁ። ዛሬ ተማሪው ማሳ ሳያይ ተመረቀ፣ የተመራማሪው ዝርያ መደርደሪያ ላይ ቀረ፣ የወረዳው ባለሙያ አዲስ ነገር አልደረሰውም እየተባለ ሦስት ቦታ የሚነሣው ቅሬታ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከዚያ መለያየት የሚቀዳ አንድ ቅሬታ ነው።

አለማያ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ስሙን ያገኘበት ሐይቅ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ሙልጭ ብሎ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል። የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ለሚማር ሰው ከዚህ የቀረበ መማሪያ አይገኝም፤ ለመስኖ የሚሳበው ውኃ፣ የተራቆተው ተዳፋትና ታጥቦ የሚገባው ደለል ሁሉም ከግቢው አጥር ማዶ ናቸው። ሐረማያ ግን ብቻውን አይደለም። ሐዋሳና ጅማ የቆዩ የግብርና ኮሌጆች አሏቸው። ወንዶ ገነት በደን፣ ቢሾፍቱ በእንስሳት ሕክምና ስም አትርፈዋል። መቀሌ የተጀመረው በደረቅ አካባቢ ግብርና ኮሌጅነት ነው። ባሕር ዳር ዘንዘልማ ላይ፣ አምቦ ጉደር ላይ ለግብርና የተለየ ግቢ አላቸው።

አንድ ተማሪ ከእነዚህ ወደ አንዱ ሲገባ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው ከሌሎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር የጋራ ኮርሶችን በመውሰድ ነው። ከዚያ ዲፓርትመንት ይመርጣል፤ ግብርና የሚባለው ነገር አንድ ሙያ እንዳልሆነ የሚገባው ያኔ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ የእንስሳት ሳይንስ፣ የአፈርና የተፈጥሮ ሀብት፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ፣ አግሪቢዝነስ፣ የገጠር ልማትና ኤክስቴንሽን፣ የምግብ ሳይንስ፣ የግብርና ምህንድስና ሁሉም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። አብዛኞቹ ከመጀመሪያው ዓመት ጋር አራት ዓመት ይፈጃሉ፤ የእንስሳት ሕክምና ከዚያ ይረዝማል።

ትምህርቱ ከደብተር ይልቅ እጅ የሚፈልግባቸው ሰዓቶች አሉት። የአፈር ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ከሚለምዳቸው ነገሮች አንዱ አፈርን በጣት ማንበብ ነው። አንድ እፍኝ አፈር ውኃ ጠብ ተደርጎበት እንደ ሊጥ ይታሻል፤ ከዚያ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ወደ ፊት እየተገፋ እንደ ጥብጣብ ይዘረጋል። አሸዋ የበዛበት ይሻክራል፣ ቅርጽም አይዝም። ደለል የበዛበት እንደ ዱቄት ይለሰልሳል። ሸክላ የበዛበት፣ ለምሳሌ የአዳአ መረሬ፣ ሳይበጠስ ረጅም ጥብጣብ ይወጣዋል። ከዚህ በመነሣት ውኃ ያቁር እንደሆነ፣ መቼ ቢታረስ እንደሚሻል፣ ስንት ጊዜ ውኃ ቢጠጣ እንደሚበቃው መገመት ይቻላል። የአዳአ ገበሬ ይህን ሁሉ ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቀዋል። ተማሪው የሚጨምርበት፣ ለምን እንደሆነና ሌላ ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን ነው።

በአፈር ዘርፍ ለተመረቀ ሰው ሥራው ከሰው ኃይሉ የበለጠ ነው። በዝናባማው ደጋና ወይና ደጋ ያለው ብዙ መሬት አሲዳማ ሆኗል፤ ከሚታረሰው የአገሪቱ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ ችግሩ እንዳለበት ይነገራል። አሲዳማ አፈር ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ግማሹ የትም ነው የሚቀረው፤ ፎስፈረሱ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ሥሩ አያገኘውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ግን ለአንድ ሄክታር በቶን የሚቆጠር ኖራ ያስፈልጋል። የት ቦታ፣ ስንት ቶን፣ ከየትኛው ሰብል ጋር የሚለውን የሚመልሰው በላቦራቶሪ የተመረመረ አፈር ነው፤ ላቦራቶሪውን የሚያንቀሳቅሰውም ምሩቅ ነው።

ከዚህ ትምህርት የወጣ ሰው የት ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት የፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ስም ሳይጠራ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ ኦሎንኮሚ የተወለዱት ገቢሳ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ ሳምንቱን እዚያው ሰንብተው በእረፍት ቀን ይመለሳሉ። ምህንድስና ለመማር አስበው ሳለ እርሻ የበለጠ ይጠቅማል ብለው ያሳመኗቸው እናታቸው ናቸው። ከጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ወደ አለማያ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ፤ ሦስተኛ ድግሪያቸውን አሜሪካ ውስጥ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ሱዳን ሄደው ያወጡት «ሃጊን ዱራ 1» የተባለ ድቃይ ማሽላ ድርቅን በመቋቋምና በምርት የአካባቢውን ማሽላ እጅግ በለጠ።

የበለጠ የሚደንቀው ግን የአቀንጭራ ሥራቸው ነው። ወሎና ትግራይ ማሽላ የዘራ ሰው ይህችን ሐምራዊ አበባ ያላት አረም ያውቃታል፤ ከመሬት በላይ ስትታይ ጉዳቷን አድርሳ ጨርሳለች። ደቃቅ ዘሯ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላ ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀውን ኬሚካል ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጣል። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል በጣም ጥቂት የሚለቁ የማሽላ ዓይነቶችን ፈልገው አገኙ። አረሟ ምልክቱ አይደርሳትምና አትበቅልም። ከዚህ የተገኙት «ጎቢዬ» እና «አብሽር» ኢትዮጵያ ውስጥ ተለቀዋል። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀብለዋል።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ባሕር ማዶ ብቻ ነው እንዳይባል፣ ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው። ጤፍ ለረጅም ጊዜ በእጅ ሊዳቀል የማይችል ሰብል ተደርጎ ይታይ ነበር። አንድ ግራም ውስጥ 3 ሺህ ገደማ ፍሬ የሚይዝ እህል አበባው ምን ያህል ትንሽ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ምሥጢሩን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የደረሱበት ዶክተር ታረቀ በርሔ ናቸው፤ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ባለው አጭር ጊዜ ነው። አዳቃዩ በጠዋት ተነሥቶ፣ ማጉያ መሣሪያ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በቀጭን ወረንጦ የወንዴ ዘሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። እጁ ከተንቀጠቀጠ አበባው ይቀጠፋል። ቢሳካለትም ከአንድ አበባ የሚያገኘው አንዲት ፍሬ ናት።

ከእንዲህ ዓይነቱ ማለዳ የወጣው «ቁንጮ» እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ። ወላጆቹ ሁለት ነባር ዝርያዎች ናቸው፤ አንደኛው ምርት ይሰጣል ግን ፍሬው የገበያን ዓይን አይማርክም፣ ሁለተኛው «ማኛ» ነው፤ ጥርት ያለ ነጭ፣ ምርቱ ግን ትንሽ። ተመራማሪው ኩንታል ብቻ ሲቆጥር ገበሬው የእህል በረንዳን የገበያ ዋጋ ይቆጥር ነበር። ቁንጮ ሁለቱን ስላስታረቀ ከማሳ ማሳ እየዘለለ አገር አዳረሰ።

የአዳቃይ ሥራ ደግሞ አልቆ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ የስንዴውን ማሳ ሲያጠቃ፣ በጊዜው በስፋት ይዘራ የነበረው «ኩብሳ» ክፉኛ ተመታ። «ዲገሉ» የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ስለተቋቋመ ገበሬው ወደ እሱ ዞረ። ሦስት ዓመት አልፎ አዲስ ዓይነት ግንድ ዋግ አርሲና ባሌ ላይ መጣና ዲገሉን ራሱን ጨረሰው። ፈንገሱ ይለወጣል፣ ዝርያው ይሸነፋል፣ ቁሉምሳ ያለው የስንዴ ተመራማሪ ቀጣዩን ይዞ መጠበቅ አለበት። የሥራ ዋስትና ለሚፈልግ ሰው ከዋግ የታመነ አሠሪ የለም።

ምርምር ግን የጥቂቶች ዕድል ነው። የአብዛኛው ምሩቅ መንገድ ለረጅም ዘመን የሚያመራው ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነበር። ድሮ ምሩቁ መንግሥት ወደመደበው ቦታ ይሄድ ነበር፤ የት እንደሚደርሰው እንጂ ሥራ ማግኘቱ አያሳስበውም። ከ1990ዎቹ ወዲህ በየቀበሌው ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት አንድ አንድ የልማት ሠራተኛ እንዲኖር ተብሎ እንደ አላጌና አጋርፋ ያሉ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ዲፕሎማ ያዦችን አሠለጠኑ። አገሪቱ ከአፍሪካ ብዙ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካላቸው ተርታ ገባች። ዛሬ ድግሪ ይዞ ለልማት ጣቢያ የሚወዳደር ብርቅ አይደለም።

የልማት ሠራተኛው ኑሮ በብሮሹር እንደሚጻፈው አይደለም። ማዳበሪያ ያከፋፍላል፣ ብድር ያስመልሳል፣ ለተፋሰስ ዘመቻ ሕዝብ ይቀሰቅሳል፣ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሪፖርቱን እንደገና ይጽፋል። ገበሬው ግማሽ ቀን የመንግሥት ሰው፣ ግማሽ ቀን የእርሻ ሰው አድርጎ ያየዋል። ግን ከዚህ ሥራ የሚወጡ ጎበዞች በዘርፉ ካሉት ሁሉ የተፈተኑ ናቸው። ይህን ቀድሞ ያየው እ.ኤ.አ. በ1997 ሳሳካዋ በተባለው ድርጅት ድጋፍ አለማያ ላይ የተከፈተው ፕሮግራም ነበር። በመስክ የቆዩ ዲፕሎማ ያዥ ባለሙያዎች ለድግሪ ገቡ፤ ከትምህርቱ የተወሰነውን ጊዜም በየወረዳቸው ተመልሰው ከገበሬው ጋር አንድ ፕሮጀክት በመሥራት አሳለፉ። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ ፕሮግራም ተከፍቷል። አስቀድሞ የጭቃውን መንገድ የተመላለሰ ሰው መምህሩን የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው።

ከወረዳው ውጭ ያለው ሥራ ባለፉት 20 ዓመታት በዓይነት ሰፍቷል፤ የሚያሳዝነው ብዙ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ መስማቱ ነው። የቢራ ገብስን እንውሰድ። የአሰላና የጎንደር ብቅል ፋብሪካዎች ላይ የውጭ ኩባንያዎች ቦሌ ለሚና ደብረ ብርሃን ላይ ተጨምረዋል። ሁሉም የሚፈልጉት ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ያልበለጠ ገብስ ነው። ገበሬው ደግሞ ምርት ልጨምር ብሎ ዩሪያ ካበዛ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፤ ገብሱ ያምራል፣ ፋብሪካው ግን አይገዛውም። ስለዚህ ፋብሪካው «እዚህ ላይ ይብቃህ» የሚል ባለሙያ ቀጥሮ ማሳው ድረስ ይልካል። እህሉ ሲገባም ናሙና ወስዶ የሚመረምረው የምግብ ሳይንስ ምሩቅ ነው፤ ከገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር የዋጋ ውል የሚጽፈው የግብርና ኢኮኖሚስት ነው። አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ሦስት ዲፓርትመንት አለ ማለት ነው።

ኢኮኖሚስቱ በቀላሉ የሚታይ ሙያተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የበቆሎ ምርት ተትረፍርፎ ዋጋው ወድቆ ለገበሬው የመሰብሰቢያ ወጪውን እንኳ አልሸፍን ብሎት ነበር፤ በዓመቱ ድርቅ መጥቶ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። እህሉ ነበር፤ ከሞላበት ወደ ጎደለበት የሚወስደው ገበያ ነው ያልነበረው። በእህል ገበያ ላይ ያጠኑት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ከዚህ ተነሥተው የገፉበት ሐሳብ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሆኖ ተከፈተ። ምርት ገበያው ለኢኮኖሚስት ብቻ ሳይሆን ለመጋዘን ባለሙያ፣ ለደረጃ መዳቢና ለቡና ቀማሽ የሥራ በር ከፈተ። ቡና ቀማሽነት ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንድ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል፤ ያን ደረጃ የሚሰጠው የሠለጠነ ምላስ ነው።

የአበባ እርሻዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ባቱ፣ ሆለታና ሰበታ ያሉት ግሪን ሃውሶች በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለው ብዙ ጽጌረዳ ወደ ውጭ ይልካሉ። አዲስ የተቀጠረ የአትክልትና ፍራፍሬ ምሩቅ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው በቅኝት ነው፦ ማጉያ ይዞ በመደቦቹ መካከል እየተመላለሰ ቅጠል ይገለብጣል፣ ቀይ ሸረሪት የሚሏትን ደቃቅ ተባይ ይቆጥራል። ቁጥሩ ከተወሰነ መጠን ካለፈ መድኃኒት ይረጫል፤ ካልሆነ ተባይዋን የሚበሉ ሌሎች ነፍሳት ይለቀቃሉ። ሥራው አድካሚ ነው፣ የጀማሪ ደመወዙም አያኮራም። ግን ማዳበሪያ በጠብታ መስኖ ሲለካ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ሲሠራ፣ የአውሮፓ ገዢ ሲቆጣጠር የሚታይበት ትምህርት ቤት ነው።

በእንስሳት በኩል ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት፤ የአንዲት የአገር ላም የቀን ወተት በአማካይ ሁለት ሊትር አይሞላም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ የሥራ ሜዳ ነው፤ ማዳቀል፣ መኖ፣ የወተት ማሰባሰቢያ። የእንስሳት ሐኪሙ ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ የክትባት ማምረቻውን ብሔራዊ ኢንስቲትዩትና የአህጉሩን ክትባቶች ጥራት የሚመረምረውን የአፍሪካ ኅብረት ማዕከል ያገኛል። በክፉ ቀን ዘመን ከብቱን የጨረሰው የከብት ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በእንዲህ ያሉ ተቋማት ሥራ ነው።

የራስን ሥራ መፍጠር የሚለው ምክር ለምሩቅ ሁሉ ይታደላል፤ መሬትና ብድር ከየት እንደሚመጣ የሚነግር ግን ጥቂት ነው። ቤተሰቡ መሬት የሌለው የከተማ ልጅ በድግሪው ብቻ ማሳ አያገኝም። መሬት ብዙ የማይጠይቁት ሥራዎች ይሻሉታል። የአንድ ቀን ጫጩት ከኩባንያ ተረክቦ፣ አስከትቦና አሙቆ አንድ ተኩል ወር ገደማ አሳድጎ ለገበሬ መሸጥ አንዱ ነው፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ፈላጊውን አብዝቶታል። የአቮካዶ ችግኝ ማዳቀል ሌላው ነው። የጓሮ ዘር ባበቀለው ግንድ ላይ የተሻለ ዝርያ ቅርንጫፍ የሚገጥም እጅ ያለው ሰው፣ አንድ ትንሽ ጓሮና የጥላ መረብ ይበቃዋል። ጫጩቱ ላይ ግን አንድ የታለፈ ክትባት ቤቱን ሁሉ ባዶ ያደርጋል፤ የተማረና ያልተማረ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ማዶ የሚያስቡም አሉ። እስራኤል ውስጥ በዐረባ በረሃ የሚሰጠው የሥራና የትምህርት ሥልጠና ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ተቀብሏል፤ ሠልጣኞቹ አብዛኛውን ሳምንት እርሻ ላይ እየሠሩ፣ በቀረው ይማራሉ። ወደ ሆላንዱ ዋገኒንገን ለማስተርስ የሚያመለክቱም ጥቂት አይደሉም። አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ ደግሞ ባሕር ማዶን ወደ ደጃፍ ያመጣ ነው። የፍኖተ ሰላሟ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ ሰብል ሲያወድም አይተዋል። በእርሻ ኮሌጅ ተመርቀው፣ አሜሪካ ተምረው፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ለዓመታት ተመራምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን እንዲመሩ ተሾሙ፤ ማዕከሉን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ቅጹን ዘንድሮ የሚሞላ ተማሪ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የተለወጠ ነገር ያገኛል። በዚያ ዓመት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ውጤትም ዝቅተኛ ነበር። ከዩኒቨርሲቲዎቹ አቅም ጋር ሲተያይ የሚገባው ተማሪ ጥቂት ነው። ይህ ለግብርና ኮሌጆች ፈተና ቢሆንም ለተማሪው አንድ በጎ ጎን አለው፤ በፊት ስልሳ ሰው በሚጋፋበት የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ዙሪያ የእሱም እጅ ሊደርስ ይችላል። ዲፓርትመንት ከመምረጡ በፊት ነባር ተማሪዎችን ጠይቆ ማወቅ ያለበትም እንዲህ ያለውን ነው፦ ኮሌጁ የራሱ እርሻ አለው ወይ፣ ለተግባር ልምምድ የሚልከው ወደ ምርምር ማዕከል ነው ወይስ ፊርማ ወደሚገኝበት ቢሮ፣ የመመረቂያ ጥናቱ ማሳ ላይ ይሠራል ወይስ ካለፈው ዓመት ይገለበጣል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንም የመጀመሪያ ድግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ሳያመጣ አይመረቅም። ኮሌጆች በማለፊያ ቁጥራቸው መወዳደር ጀምረዋል፤ በመጨረሻው ዓመት ለፈተና ዝግጅት የሚሄደው ሰዓትም ከቦታ ቦታ እየጨመረ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ምርጫ ናቸው፤ አፈር የሚያሽ፣ ቅጠል የሚገለብጥ፣ ችግኝ የሚያዳቅል ክፍል የለውም።